ያለ ቅቤ መብላት ስጀምር

ሕመሙ የጀመረኝ ከአንጋጫ ገበያ ወደ ቤቴ ስመለስ ነው። ዳገቱ ከልጅነቴ የማውቀው ዳገት ነው። ደረቴን በሬ የረገጠኝ መሰለኝ። ግራ ክንዴ ከበደኝ። ላብ አጠመቀኝ። መንገድ ዳር ቁጭ ስል ተወኝ። ስነሳ ያዘኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ብዙ መጻፍ አልችልም። ይሄን የጻፍኩት ያው በሽታ ያለበት ሰው እንዲያነበው ብዬ ነው። የተሳሳተውን ልጄ ታምራት አቃንቶልኛል።

ሆሳዕና ሆስፒታል ወሰዱኝ። የልቤን ኢሲጂ አነሡኝ፣ ደም ቀዱ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ አይደባብቅም።

«አባባ፣ የልብዎ ደም ሥሮች ጠበዋል። ኮሌስትሮልዎ ከፍ ብሏል። ስኳርም አለብዎ።»

አስፒሪን፣ አቶርቫስታቲንና ለስኳሩ ሜትፎርሚን አዘዘልኝ። ቅቤና ጮማ ይቀንሱ አለኝ።

«ዶክተር፣ እኔ መቀነስ አላውቅም። መተው ነው የማውቀው» አልኩት።

ተውኩ። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ሁሉንም። ታምራት «ይሄ በከተማ ቪጋን ይባላል» አለኝ። ስም እንዳለው አላውቅም ነበር።

በእኛ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እምነታችን ምንም ቢሆን ወንዶች ለመስቀል በሬ የምንገዛው ዓመቱን ሙሉ አዋጥተን ነው፤ ከቅርጫው የወጣ ሰው ከጎረቤት እንደወጣ ይቆጠራል። ወጣሁ ስላቸው ኤርሲዶ የሚባለው ጓደኛዬ በሰው ፊት «አንተ ሰውዬ፣ ዘንድሮ በሬውን ልታርድ ነው ወይስ አብረኸው ሣር ልትግጥ?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን መስቀል ሲደርስ በሬው በሚታረድበት ደጅ አላልፍም።

ባለቤቴ አማረችም ከዊጆ ወጣች። ዊጆ ሴቶቹ ወተት በየተራ እየተሰጣጡ ቅቤ የሚያወጡበት ማኅበር ነው። ውጪ ያላት የለም። «ቅቤ የማይገባበት ቤት ዊጆ ምን ያደርግለታል?» አለች። ወተቱን ብቻ አይደለም የተወችው፤ ጨዋታውንም ጭምር ነው።

አሁን ስሕተቱን ልንገራችሁ። እኛ ጴንጤ ነን፣ ቤታችን የጾም ወጥ አያውቅም። ሥጋና አይብ ሲነሳ የቀረልን ቆጮና ጎመን ነው። ጠዋት ቆጮና ጎመን። ማታም እሱው። ጤና መሰለኝ።

ዓመቱ ሲዞር ሱሪዬ ከወገቤ ወረደ። እግሬ አበጠ። ጣቶቼ ደነዘዙ። መሬቱን እየረገጥኩ አልረገጥኩም። አንድ ቀን እንሰቱ መሐል ወደቅሁ። መነሳት አቃተኝ። አማረች ጎትታ አወጣችኝ። በቃ ሞትኩ አልኩ።

ሐኪሙ ምን እንደምበላ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«አባባ፣ ይሄ አመጋገብ አይደለም፣ ረሃብ ነው» አለ። «ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። ሰዉ ከሥጋና ከአይብ ጋር የሚበላው በከንቱ አይደለም። እነሱን ከተዉ ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራ መግባት አለበት። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ከቅጠል አይገኝም፤ ሜትፎርሚኑም ይቀንሰዋል። መርፌ ያስፈልግዎታል።»

መርፌውን ጀመርኩ። ምግቡን ያስተማረችን ጎረቤታችን ዘነቡ ናት፤ ጉራጌ ናት፣ ኦርቶዶክስ፣ ሱቅ አላት። አማረች ስትጠይቃት በአጥር ላይ ወደ እኔ ጮኸች።

«ጋሼ! እኛ ስንጾም ቅጠል በጣሽ ሲሉኝ አልነበር? እንኳን ወደ ቅጠሉ በደህና መጡ!»

ሽሮ በዘይት፣ ምስር፣ የተቆላና የተወቀጠ ተልባ፣ አቆጥቁጦ የተቀቀለ ባቄላ፣ ሁሉንም አሳየቻት። አማረች መጀመሪያ አፍራ ነበር፤ ቅቤ የሌለው ወጥ ለባል ማቅረብ እንደ ስድብ ነው የምታየው። ቀስ በቀስ ግን እጇ ለመደ፣ እኔም ምላሴ ለመደ፣ ቆጮውን በሽሮ እያጠቀስን አብረን መብላት ጀመርን፤ እግሬ ውስጥ እንደ ጉንዳን የሚሄደው ነገር እየቀነሰ መጣ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ የአንጋጫንም ዳገት ሁለት ጊዜ እያረፍኩ መውጣት ቻልኩ።

ከዚያ አማረች ሞተች።

ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ወደቀች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰ አሉ። ለካ የደም ግፊት ነበረባት። ተለክታ አታውቅም። እኔን ታስለካ ነበር።

ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ምግብ ይዞ መጣ፣ ሁሉም ቅቤ ያለው። ኤርሲዶም ሥጋ ይዞ መጣ። «ብላ፣ አሁን ለማን ትጠነቀቃለህ?» አለኝ። በክፋት አይደለም፣ እያለቀሰ ነው። እውነት ለማን? በላሁ። ደጋግሜ በላሁ። መድኃኒቱንም ተውኩ።

ያ የደረት ሕመም ተመለሰ። አልጋዬ ላይ ያዘኝ። ይምጣ አልኩ። ሲመጣ ግን ፈራሁ። ክኒኑን በእጄ ፈለግሁ። መኖር እንደምፈልግ ያኔ ነው ያወቅሁት። አፈርኩም።

ታምራት እሱ በሚኖርበት ዱራሜ አብረን እንኑር አለኝ፣ እምቢ አልኩ። ማጀት ገባሁ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ማጀት አይገባም። ውሃ ጣድኩ፣ የሽሮውን ዱቄት አንዴ ገለበጥኩበት። ዘነቡ ሽታውን ተከትላ መጣች።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ሽሮ።»

«ይሄ ሽሮ ነው? ቤት ሊለስኑበት ነው እንጂ!»

ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች። ማማሰያውን ግን አልተቀበለችኝም፤ በሩ ላይ ቆማ «ቀስ ብለው ይነስንሱ፣ አያቁሙ፣ ያማስሉ» እያለች አሠራችኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ለራሴ እሠራለሁ። ባቄላውን ማታ እዘፈዝፋለሁ፣ መርፌዬን በቀጠሮዬ እወጋለሁ፣ ክኒኔን አላጎድልም። ዳገቱንም እወጣለሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሙን፣ ዘነቡን፣ ኤርሲዶንም አመሰግናለሁ፤ አሁን ሲመጣ ሥጋውን ቤቱ ትቶ ይመጣል።

ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ መተው ብቻውን አያድንም። በተዋችሁት ቦታ ምን እንደምትተኩ መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ። ደማችሁን አስመርምሩ፣ ቢ12ን አትርሱ። የሚጾም ጎረቤት ካላችሁ ሄዳችሁ ተማሩ። ለግፊት ስትሄዱ ሚስቶቻችሁን አስከትላችሁ አብራችሁ ተለኩ።

ለወንዶች ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ሚስታችሁ በሕይወት እያለች ማጀት ግቡ። አጠገቧ ቁሙ፣ የሠራችሁትን አስቀምሷት፣ ጨው በዛ ትበላችሁ። የእኔን ሽሮ የምትቀምስልኝ የለችም።