በሩን የዘጋችው ሐኪም

አፍንጮ በር ሰፈር ውስጥ ሐኪም መሆን ቀላል አይደለም፤ በተለይ ሐኪሟ የሰፈሩ ልጅ ከሆነች። ዶክተር ተናኘወርቅ ጤና ጣቢያው ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሳ ብትቀመጥም፣ ለሰፈሩ እናቶች ያው አፍንጫዋን የጠረጉላት ተናኜ ናት። ደም ግፊት ሊለኩ የመጡት ሁሉ መጀመሪያ እሷን «ለምን አታገቢም?» ብለው ይመረምሯታል። ስቃ ታልፈዋለች።

አንድ ነገር ላይ ግን አትስቅም። አፍላ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ከወላጁ ጋር ሲመጣ፣ ወላጁ ለጥቂት ጊዜ ውጭ መጠበቅ አለበት።

እትዬ የሺዓለም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን ልጃቸውን ኤዶምን «ሆዷን አሟት» ብለው ያመጧት ዕለት፣ ጥያቄውን ሁሉ የመለሱት እሳቸው ነበሩ። ምን እንደበላች፣ የት እንደሚያማት፣ የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ሳይቀር። ኤዶም ጫማዋን ታያለች።

«እትዬ፣ እስቲ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» አለች ተናኘወርቅ።

«ከእኔ የምትደብቀው ምን አላት? አንቺንም አዝዬ ያሳደግኩሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ። ቢሆንም ይውጡልኝ።»

ወጡ፤ ፊታቸው ግን ጠቁሮ ነበር።

በሩ ሲዘጋ ኤዶም አለቀሰች። ከክፍሏ ልጅ ጋር ተሳስማ፣ የወር አበባዋ ቢዘገይባት፣ አርግዣለሁ ብላ ደምድማለች። የባዮሎጂ አስተማሪው ስለ እርግዝና የሚያስረዳውን ምዕራፍ «እቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ዘሎታል። ጓደኛዋ «ያስወርዳል» ብላ የሰጠቻትን እንክብል ከዩኒፎርሟ ኪስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ማታ ልትውጠው ነበር።

ተናኘወርቅ እንክብሉን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተች። ከመሳሳም ያለፈ ነገር እንዳልነበረ ጠይቃ ከተረዳች በኋላ፣ ሳትቆጣና ሳትቸኩል፣ ሁሉንም በየስሙ እየጠራች አስረዳቻት፤ እርግዝና በምን እንደሚመጣ፣ እንዴት መከላከል እንደሚቻል፣ በዚህ ዕድሜ የወር አበባ ብዙ ጊዜ እንደሚዛባ፣ ያልፈለገችውን እምቢ ማለት መብቷ እንደሆነ። «ከዚህም በላይ ከዘገየ፣ ወይም ያልገባሽ ነገር ካለ፣ ብቻሽንም ነይ» አለቻት።

ኮሪደሩ ላይ እትዬ የሺዓለም ክንዷን ያዟት። «ምን አለችሽ?»

«ደህና ናት፤ አይስጉ። የነገረችኝን ግን እሷው ትንገርዎት።»

ከዚያ ወዲህ ጊዮርጊስ ደጃፍ ሲገናኙ እትዬ ፊታቸውን ያዞሩባት ጀመር። ሰፈርተኛውም «ኮራች» አላት። ተናኘወርቅ ከፋት፤ በጣም ከፋት። አንድ ቃል ብትተነፍስ እርቅ እንደሚወርድ ታውቃለች። ከተነፈሰች ደግሞ ኤዶም ብቻ ሳትሆን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በዚያ በር ዳግም እንደማይገባ ታውቃለች። የኤዶምን ምስጢር ጠበቀች።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት፣ እትዬ የሺዓለም ታናሿን ልጃቸውን ምኞትን ይዘው መጡ። ልጅቷን ወንበር ላይ አስቀመጧትና እሳቸው እንደቆሙ ቀሩ።

«ኤዶም ራሷ ነገረችኝ፤ እንክብሉንም ሳይቀር» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ይቺ ደግሞ ዘንድሮ የወር አበባ ማየት ጀመረች። ልነግራት እፈልግና አፌ ይተሳሰርብኛል፤ እኔንም የነገረኝ ሰው አልነበረም። አንቺ ንገሪልኝ።»

ይህን ብለው እትዬ ወጥተው በሩን ራሳቸው ዘጉት።