በመስኮት የወጣው ጋዝ

ሱቄ ከፍሪጅ ጠጋኙ ሱቅ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ፣ ልብስ እየሰፋሁ የሱን ወሬ ሁሉ እሰማለሁ። ሰፈሩ «ለምን» ይለዋል። ስሙ አይደለም፤ አመሉ ነው። መርፌ ቢሰበርብኝ እንኳ ብቅ ብሎ «ለምን ከጫፉ ተሰበረ?» ይለኛል። ሥራ ያስፈታኛል፣ ግን እወደዋለሁ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አሮጌ ፍሪጅ ሲመጣለት መስኮቱን ይከፍትና ቱቦውን ይቆርጣል፤ የሚያቀዘቅዝበት ጋዝ «ፍሽሽ» ብሎ ይወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። የሙያ ጓደኞቹም ሁሉ እንደዚያው ናቸው።

ሴት ልጁ ስለ አየር ጠባይ ተምራ ስትመለስ፣ ሱቁን ሊያወርሳት ቋምጦ ጠበቃት። እሷ ግን ፍሽሽታውን ሰምታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ይሄን ካልተውክ እኔ እዚህ አልሠራም።»

«ለምን?»

እንግዲህ ጀመረ!

«የፀሐይ ብርሃን አየሩን አልፎ መሬትን ያሞቃል። መሬት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ላይ ትመልሳለች። እንዲህ ያለው ጋዝ መንገድ ላይ ይይዘውና ከፊሉን መልሶ ወደኛ ይልከዋል።»

«ሲገባ ያላገደውን ሲወጣ ለምን ያግደዋል?»

«የሚገባው ብርሃን፣ የሚወጣው በዓይን የማይታይ ሙቀት ነዋ! ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ሙቀቱን ይይዛል።»

«ጭራሽ ባይኖርስ?»

«በረዶ እንሆን ነበር። ክፋቱ መብዛቱ ነው።»

«እንደ ጨው በይኛ።»

«አዎ። በብዛት የሚያሞቀን የመኪናውና የፋብሪካው ጭስ ነው። ያንተ ጋዝ ግን አንዱ ኪሎ በማሞቅ ከዚያኛው ሺህ ኪሎ ይበልጣል።»

ሌላ «ለምን?» አልመጣም። ጥያቄ ሲያልቅበት ሰምቼ ስለማላውቅ ደንግጬ ስፌቴን አቆምኩ።

በማግስቱ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ስሰፋ፣ አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ፍሪጅ አስጭና መጣች። «ጋሼ፣ ለምሳ ሰዓት ያድርሱልኝ።» በልማዱ መስኮቱን ከፍቶ መቁረጫውን አነሣ፤ ግን መልሶ አስቀመጠው።

«ጋዙን የሚሰበስብ ማሽን እስካመጣ ይታገሱኝ።»

ሴትዮዋ እያጉረመረመች ፍሪጇን መልሳ አስጫነች። ጎረቤቴ መስኮቱን ዘጋና ደጃፉ ላይ ወደ ቆመችው ልጁ ዞረ።

«እስከዛሬ የለቀቅኩት አሁንም እላይ አለ?»

«የቆየው እየጠፋ ነው። የቅርቡ ግን አለ፣ አባዬ።»

«እሱንስ ማን ይመልሰዋል?»

 ዓይኑ እንባ አቀረረ። ልጅቱ የአባቷን ቱታ ከሚስማር ላይ አውርዳ ለበሰች፤ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጠፈችና፣

«ማሽኑ የት ነው የሚገኘው? ተነሥ፣ እንሂድ» አለችው።