ሰዓዳ ያጠበቻቸው

ፌቨን ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ የኢንጂነር አብዱልወሀብ ድምፅ ግን እዚያም ሆኖ ይሰማል። ሰውየው በሪያድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ ሲሰበሰብ የሟቾች ታሪክ ይነበባል፤ ንባቡም ተቀድቶ አገር ቤት ላሉ ቤተሰቦች ይላካል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሞቱትን ታሪክ ያዘጋጀችው ፌቨን ናት። በሆስፒታል መዝገብ ቤት ትሠራለች፤ የተማረችውም ይህንኑ ነው። የማኅበሩን የሐዘን መዝገብ ከያዘች ስድስት ዓመቷ።

«እህቴ፣ የሐኪሙና የአውሮፕላን መካኒኩ ይበቃሉ» ይላል። «ሰዓዳ አላህ ይዘንላትና እዚህ ግባ የምትባል ሰው አልነበረችም። ‹ሌሎችም› በሚለው ውስጥ ትግባ። ኸላስ፣ አለቀ።»

ፌቨን አባባሉን ሳትሰማው የዋለችበት ቀን የለም። እዚህ ግባ የማይባል ደሞዝ፣ እዚህ ግባ የማይባል ቁስል። ለዕቃና ለቁስል ሲሆን ግድ አልነበራትም። ለሰው ሲሆን ግን ደጅ ቆሞ ግባ የሚለው ያጣ ማለት ነው፤ ይህንንም ደጅ የቆመ ሰው ሲናገረው ሰምታ አታውቅም። የሚናገረው ሁልጊዜ ውስጥ የተቀመጠው ነው።

ሰዓዳ የከሚሴ ልጅ ነበረች። ዐዚዚያ በሚባለው የሪያድ ሰፈር አንድ ቤት በሠራተኛነት አሥራ አንድ ዓመት አገልግላለች። ዓርብ ከሰዓት ፈቃድ ስታገኝ ጓደኞቿ ባጥሐ ገበያ ይወርዳሉ፤ እሷ የሚያጥባቸው ሴት ዘመድ የሌላቸውን የሴት አስከሬኖች ልታጥብ ትሄዳለች። መጻፍ አትችልም። አጥባ ስትጨርስ ለፌቨን ትደውልና የሟቿን ስም፣ የእናቷን ስም፣ አገሯን ትነግራታለች። «ጻፊልኝ ፌቪዬ፣ ስሟ እዚህ ወድቆ አይቅር» ትላለች። በመዝገቡ ካሉት ሴቶች ግማሹ ከእሷ አፍ የተጻፉ ናቸው። ፌቨን ለአጣቢ ስም ዓምድ የከፈተችውም አገር ቤት ያሉ እናቶች ከሁሉ አስቀድመው «ልጄን ማን አጠበልኝ?» ስለሚሉ ነው።

ኢንጂነሩ በስልክ ሲናገር ፌቨን የ2018ን መዝገብ ገለጠች።

«ኢንጂነር፣ እናትዎን ማን አጠባቸው?»

እናቱ ወይዘሮ ኑርያ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው እዚሁ ያረፉ ናቸው።

«ሴቶች ነበሩ መሰለኝ። ማን ያስታውሳል?»

«እኔ ጽፌዋለሁ» ብላ ዘጋችው።

ስብሰባው በ2021 መጀመሪያ፣ በተከራዩት ግቢ፣ ሁሉም አፉን ሸፍኖ፣ ተራርቆ ተቀምጦ ሆነ። ፌቨን ከሐኪሙም ከመካኒኩም በፊት ሰዓዳን አነበበች። ምንም የምስጋና ቃል አልጨመረችም። ያጠበቻቸውን ሠላሳ አንድ ሴቶች ብቻ ከነእናቶቻቸው ስም በተርታ ጠራች። ኢንጂነሩ እስከ ስድስተኛዋ ሰዓቱን ያይ ነበር። ሰባተኛዋ ወይዘሮ ኑርያ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አንገቱን አላቀናም።

ሲበተኑ ቀረብ ብሎ፣ ንባቡ ወደ ቤተሰቦች ከመላኩ በፊት ለሰዓዳ «የተከበረች» የሚል እንድትጨምርበት ለመናት።

«ያን ቀን በስልክ የት ነበር ይሄ ቃል?» አለችው። አልጨመረችም፤ እንዳለ ላከችው።

በሁለተኛው ቀን የሰዓዳ እናት ድምፃቸውን ቀድተው መለሱ። ንባቡን ሰምተዋል፤ ጎረቤትም ጠርተው አሰምተዋል። መጨረሻ ላይ፣ «የኔ ልጅ፣ እሷንስ ማን አጠበልኝ?» ይላሉ።

ሰዓዳ በሞተችበት በዚያ የወረርሽኝ በጋ ወደ አስከሬን የሚቀርቡት ከእግር እስከ ራስ የተሸፈኑ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ፌቨን ማን እንዳጠባት የአስከሬን ክፍሉን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቃለች። መጀመሪያ ነገ ነይ አሏት፤ ኋላ ዘመድ ነሽ ወይ አሏት፤ በመጨረሻ አንዱ ጸሐፊ ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ይህን ያህል ምን ያደክምሻል አላት። እሱም ውስጥ የተቀመጠ ነው።

በሰዓዳ መስመር የአጣቢው ዓምድ ባዶ ነው። ፌቨን «አልታወቀም፤ ሦስት ጊዜ ተጠይቋል» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ነጭ ወረቀት አወጣችና አራተኛውን ማመልከቻ ጀመረች።