ክዳኑን አጥብቃ ሄደች

ከቡሬ ተዛውሬ በገባሁበት ሆስፒታል፣ የሕፃናት ክፍል የጠዋት ርክክብ በዝምታ ተጀምሮ በዝምታ ያልቃል። አስረካቢዋ የአልጋ ቁጥር ትጠራለች፤ እኛ ተረካቢዎቹ ነርሶች ራሳችንን እንነቀንቃለን። በገባሁ ሰሞን ስለ አንድ መድኃኒት አሰጣጥ ጠየቅሁ። የክፍሉ ኃላፊ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ዲግሪሽን ከየት ነው ያመጣሽው?» አለችኝ። ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ጥርሴን ነክሼ መሥራት ያዝሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከማንኩሳ ገጠር አንዲት እናት በሳንባ ምች የታመመ ሕፃን ታቅፋ መጣች። ኦክስጅን አደረግሁለት። የማሽኑ መብራት በርቷል፤ የልጁ ከንፈር ግን እየጠቆረ ሄደ። ቱቦውን ቀየርሁ፣ ሶኬቱን ነቅዬ ሰካሁ። ባሕር ዳር ሄዳ በዚህ ማሽን ላይ የሠለጠነችው አንጋፋ ነርስ አጠገቤ ቆማ መርፌ ታዘጋጃለች። ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምላት፤ አሁን ሳወራው ግን «አንቱ» አይወጣልኝም።

«እባክዎ አንድ ጊዜ ይዩልኝ» አልኋት።

መርፌዋን አስቀምጣ መጣች። ኦክስጅኑ የሚያልፍበትን የውኃ ጠርሙስ ክዳን አጥብቃ፣ ምንም ሳትል ሄደች። ውኃው አረፋ ማውጣት ጀመረ። ለካ ኦክስጅኑ በላላው ክዳን ነበር የሚያመልጠው። የልጁ ከንፈር ቀስ በቀስ ቀላ።

እናትየው ሁለታችንንም ስታይ ቆይታ፣ «እህቴ፣ ተጣልታችኋል እንዴ?» አለችኝ።

«የለም» አልኋት። አላመነችኝም።

በማግስቱ ርክክብ ላይ ተናገርሁ። «የሠለጠነ ሰው ያወቀውን ያሳየን። ትናንት ሕፃን ሊሞትብን ነበር።»

ኃላፊዋ፣ «የሞተ አለ?» አለች።

«የለም።»

«እንግዲያው ቀጣዩ አልጋ።»

አንጋፋዋን ኮሪደር ላይ ጠብቄ፣ «ለምን አይነግሩንም?» አልኋት።

«ባሕር ዳር ከመሄዴ በፊት እኔን ማን ነገረኝ?» አለች። «ስጠይቅ በሽተኛ ፊት ነው ያዋረዱኝ። ብቻዬን ተማርሁ። አንቺም እንደዚያው።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም። ያን ጊዜ ጠላኋት።

ብዙም ሳይቆይ ወደ መርፌ ክፍል አዛወሩኝ። ሻይ ቤት ስገባ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። በሕፃናት ክፍል በመጨረሻው ቀኔ አዲስ ለተመደበችው ነርስ የኦክስጅኑን ጠርሙስ ክዳን ፈትቼ፣ መልሼ አጥብቄ አሳየኋት።

«ገባሽ?»

«አዎ።»

«እስቲ አንቺ ሥሪው።»

እጇ ጠርሙሱ ላይ ደርሶ ቆመ። አልገባትም ነበር። በሩ ላይ ኃላፊዋን ስታይ፣ «ገብቶኛል፣ ሲስተር» ብላ እጇን ሰበሰበች። እጇን ይዤ ጠርሙሱ ላይ መለስሁት። ኃላፊዋ እስክትሄድ አልጠበቅሁም።