ደረቷን የምትደቃ ድመት

አክስቴ በደብረ ኤልያስ አካባቢ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። እሷ ሙሾ ያላወረደችበት ለቅሶ፣ ለቅሶ አይባልም። ታናሽ ልጇ የሞተ ጊዜም ሌላ አልቃሽ አላስጠራችም፤ ራሷ ቆማ አለቀሰችለት። ለቀብሩ ያልደረሰ ዘመድ ይስማው ብሎ አንዱ የአጎቴ ልጅ በስልኩ ቀዳው። ስልክ በየቤቱ ከገባ ወዲህ እንዲህ ማድረግ ልማድ ሆኖ ነበር፤ ማንም ክፋት አላየበትም። ቅጂው ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ደጀን ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ የማን እጅ እንደገባ የሚያውቅ የለም።

ከወራት በኋላ ደብረ ማርቆስ ሻይ ቤት ተቀምጬ ያንኑ ድምፅ ሰማሁት። ከጎኔ የተቀመጡ ወጣቶች በስልክ የሚያዩት የልጆች ካርቱን ነው። አንዲት ድመት ቤቷ ተንዶባት ደረቷን ትደቃለች፤ በላዩ የአክስቴ ሙሾ ገብቶበታል። ምቱ ከዜማው ጋር ልክክ ብሏል። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፍርስ አለ። የማን ድምፅ እንደሆነ፣ ለማን እንደተለቀሰ ነገርኳቸው። አንደኛው አፍሮ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጓደኛው ቀስ ብሎ፣ «ለእኔም ላክልኝ» አለው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሰደድ እሳት ሆነ። አንዱ ከበሮ ጨመረበት፤ ሌላው ድመቷን እስክስታ አስመታት፤ ሌላው ሙሾውን አፍጥኖ እንደ ጫጩት አስጮኸው። ሉማሜ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር ሰማሁት። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አክስቴ ጆሮ እንዳይደርስ። ስልክ የላትም፣ ከተማም እምብዛም አትወጣም እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ግን አዲስ ቪዲዮ በወጣ ቁጥር ወደሷ አንድ እርምጃ የተጠጋ ይመስለኛል።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አባቴ ሞተ። ለአክስቴ ታላቅ ወንድሟ ነው። አገሬው ተሰብስቦ እሷን ይጠብቃል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሃል ገባችና የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣች።

ከወጣቶቹ በኩል ሳቅ አመለጠ። ለክፋት አልነበረም፤ ድምፁን ሲሰሙ ሳያስቡት ነው የመጣባቸው። አንዲት ልጅ አፏን በነጠላዋ አፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

አክስቴ ሙሾዋን አቋረጠች። ምን ያስቃችኋል ብላ አልጠየቀችም። ወደ እኔ ዞር አለችና፣ «ድመቷን እነዚህም አይተዋታል?» አለችኝ።

መልሴን ሳትጠብቅ ሄዳ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠች። አባቴን ያለ ሙሾ ቀበርነው።