የአባቴ ሥዕል እስኪያልቅ

«ኮምፒውተሩ አይደል እንዴ የሚሠራው?» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። እስቲ እሱ ይሞክረው! በታብሌት መሣል ማለት አንዲቷን የጺም ፀጉር እያጎሉ መሣል፣ መደምሰስ፣ እንደገና መሣል ነው። ቀለሙ አይደርቅ፣ አያልቅ፤ «በቃሽ» የሚልሽ ነገር የለም።

እኔ ጎንደር ውስጥ ለሱቆች ማስታወቂያ እየሠራሁ ነው የምኖረው። ለራሴ ብዬ የጀመርኩት የአባቴን ሥዕል ብቻ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው ዓይናቸው ደከመ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ቀስ በቀስ ይሄዳል። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ፣ «እንግዲያው ያንን ሥዕልሽን ቶሎ ጨርሽው፤ ሳላየው እንዳልቀር» አሉኝ።

ቶሎ ጨርሽው! መብራት ይጠፋል፤ ሲመጣ ደግሞ የዳቦ ቤቱ ማስታወቂያ ይጠብቀኛል። ግን ያዘገየኝ መብራት ብቻ አልነበረም፤ እንዲያምርላቸው ፈልጌ ነው። የነጠላቸውን እጥፋት ሳስተካክል ጥምቀት አለፈ፣ ጺማቸው ላይ እያለሁ ሁዳዴ ገባ። እሳቸው በየጠዋቱ «ደረሰ?» ይላሉ።

«ትንሽ ቀረው አባባ።»

ሲያልቅ ይዤላቸው ሮጥኩ። የሣልኳቸው በጎን በኩል ነበር፤ መጽሐፋቸው ላይ አቀርቅረው፣ የመስኮቱ ብርሃን ግንባራቸው ላይ አርፎ። ታብሌቱን ወደ በሩ ወስደው፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?»

«ምን ሆነ አባባ?»

«አንድ ዓይን ሰጠሽኝ እኮ! ከዲያብሎስ ጭፍራ ደመርሽኝ?»

ክው አልኩ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ኃጢአተኛና ሰይጣን ነው። የመሪጌታ ልጅ ሆኜ ይሄ እንዴት ይጠፋኛል? እኔ ያሰብኩት ስለ ብርሃኑ ነበር። «ይሄ ዘመናዊ ነው» ብዬ ላስረዳቸው ብሞክር አልሰሙኝም። ታብሌቱን መለሱልኝና «ሁለቱንም አድርጊልኝ» አሉ።

የተሣለ ፊት አይዞርም፤ እንደ አዲስ መጀመር ነው። እየተናደድኩም እያለቀስኩም ጀመርኩ። በዚያው ሰሞን አባባ ማስተማር ተዉ። ብርጭቆ ለማንሳት ጠረጴዛውን በእጃቸው ይዳስሱ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ «ደረሰ?» ማለቱንም ተዉት። ያኔ ፈራሁ። ልቤ እያወቀው እጄ መሥራቱን ቀጠለ፤ ምን ላድርግ?

ፋሲካ አልፎ ክረምቱ ሊገባ ሲል አለቀ። ትልልቅ ዓይኖች፣ ቀጥ ብለው የሚያዩ። እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

«ይኸው አባባ፣ አለቀ» ብዬ እጃቸው ላይ አኖርኩት። አገላብጠው ዳሰሱት፤ ከዚያ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ወደ ፊታቸው አስጠጉት። 

«ሸጋ ነው» አሉ። «ሁለቱም ዓይኖቼ አሉ። አሁን እኔን መሰልኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ።»

«አሜን» አልኩ። ሥዕሉ ወደ እኔ ዞሮ ነበር፤ እሳቸው ወደ ፊታቸው ያስጠጉት የታብሌቱን ጀርባ ነው።