ሐይቁን ለማየት የተከፈለ ዋጋ

ዘንድሮ በፋሲካ ማግስት የልጄ ሚስት ልጆቿን ባሕር ዳር ወደሚገኝ የልጆች መጫወቻ ስትወስድ፣ «ቤት ዘግተው ከሚቀመጡ አብረውን ይምጡ» ብላ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ከወረታ በሚኒባስ ስንሄድ ልጆቹ መንገዱን ሙሉ የሚያወሩት ስለ አንድ ትልቅ መንኮራኩር ነበር። ሰው ተሳፍሮበት ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ከዚያ ከተማው ሁሉ ከእግር ሥር ይታያል አሉኝ።

በሩ ላይ ትኬት የሚቆርጠው ጎረምሳ ተቀበለን።

«እማማ፣ ዋጋው ተሻሽሏል» አለ።

«ለማን ነው የተሻሻለው?» አልሁት።

ሳቀና አዲሱን ዋጋ ይዘረዝርልን ጀመር። ባለፈው ገና አንድ ጊዜ ከፍለው በገቡበት፣ አሁን መግቢያው ለብቻ፣ መንኮራኩሩ ለብቻ፣ የመጫወቻ መኪናው ለብቻ ሆኗል። የልጄ ሚስት ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። ልጆቹ መንኮራኩሩን መርጠው ሌላውን ተዉ።

ከኋላችን አንዲት እናት የበዓል ልብስ ያለበሰቻቸውን ልጆቿን ይዛ ተሰልፋ ነበር። ዋጋውን ስትሰማ ጎንበስ ብላ፣ «ዛሬ ተበላሽቷል አሉ፤ ሌላ ቀን እንመጣለን» አለቻቸው። መንኮራኩሩ ከአጥሩ በላይ ሲዞር ይታያል። ትልቋ ልጅ አየችው፤ እናቷንም አየቻት። ከዚያ የታናሿን እጅ ይዛ ዘወር አለች።

እኔ ከጥላው ሥር ተቀምጬ የልጅ ልጆቼን ስጠብቅ ያቺ ልጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። እሷን ሳስብ ሌላ ልጅ መጣችብኝ። ይታይሽ መጣችብኝ።

እኔ የተወለድሁት ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ፣ ከሜዳው መሀል ነው። ደገኛ ከተራራው አናት ላይ ቆሞ ቤቱን፣ ማሳውን፣ ወንዙን ቁልቁል ያያል። በሜዳ አገር የተወለደ ሰው ግን የሚያየው ከፊቱ የምትሄደውን ላም ጭራ ነው። ጣና ቅርባችን ነው። ክረምት ሲገባ ውኃው እስከ ደጃፋችን መጥቶ ይጎበኘናል። ሐይቁን ራሱን ግን አይቶት የማያውቅ ልጅ በመንደራችን ብዙ ነበር።

ከፍ ብለን አገራችንን የምናይበት በዓመት አንድ ሳምንት ነበረን። በፋሲካ ሳምንት በሬ አይጠመድም። ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያስረው የቆዳ ጠፍር፣ ምራን የምንለው፣ ሥራ ፈትቶ ከየግድግዳው ይሰቀላል። እኛ ልጆች ከየቤቱ እየለመንን እንሰበስበውና እየቀጣጠልን ከትልቁ ባንባ ዛፍ ላይ ዥዋዥዌ እናስርበታለን። ከታች ቁርበት አጣጥፈን መቀመጫ እናደርጋለን። ዳግማዊ ትንሣኤ አልፎ ሰኞ ሲነጋ ሁሉም የየራሱን ምራን ፈትቶ ወደ እርሻው ይሄዳል።

ዥዋዥዌው የራሱ ሕግ ነበረው። ምራን ያዋጣ ቤት ልጅ በነጻ ይወጣል። ምራን የሌለው ለሚገፉት ጎረምሶች እፍኝ ቆሎ ወይም ቁራሽ ዳቦ ያመጣል። ገፊ በሚያዝያ ፀሐይ ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ መብላት አለበት። ይህን ያኔም አልተቃወምሁም፤ ዛሬም አልቃወምም።

የዥዋዥዌው አለቃ ከገፊዎቹ ጎረምሶች አንዱ፣ አያ ካሴ ነበር። ባንባው የበቀለው በአባቱ መሬት ላይ ስለሆነ ዛፉን የተከለው እሱ የሆነ ያህል ይሰማው ነበር።

ይታይሽ የሸክላ ሠሪዋ የእትዬ ብርቄ ልጅ ናት። ቤተሰቡ አፈሩን ፈልጎ ከአንበሳሜ በኩል መጥቶ ከመንደሩ ራቅ ብሎ ሠፍሮ ነበር። በሬ የላቸውም። የመንደራችን ሰው የእትዬ ብርቄን ገንቦ ይገዛል፣ በገንቦዋ ቀድቶ ይጠጣል፣ በድስቷ ዶሮውን ይሠራል። እሷ በተቀመጠችበት ግን ልጁን አያስቀምጥም፤ ቡዳ ናት ይላል። እኔና ይታይሽ የተዋወቅነው ውኃ ስንቀዳ ነው። እንስራዬን ወደ ጀርባዬ የምታነሣልኝ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ሰው የሚለውን ለመፍራት ጊዜ አላገኘሁም።

አንድ ቀን ውኃው ዳር ተቀምጠን ከዥዋዥዌው ጫፍ ላይ ሐይቁ እንደሚታይ ነገርኋት።

«ምን ይመስላል?» አለችኝ።

«የታጠበ ነጠላ ሣር ላይ ያሰጡት ይመስላል።»

ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ጊዜም አልነበራትም። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውኃ ይሆናል፤ ሸክላም አይደርቅም። አባቷ ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ ወደ አገራችን እንመለሳለን ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። ሐይቁን ካየችው በዚያ ሳምንት ነው፤ ካላየችው የለም።

በመጀመሪያው ቀን እንደ ማንኛውም ልጅ ቆሎዋን ቋጥራ መጣች። አያ ካሴ ቆሎውን ተቀብሎ ወደ አፉ እየወረወረ፣

«ለአንቺ ይሄ አይበቃም» አላት።

«ለምን?»

«ከባድ ነሽ።»

ይታይሽ ሸምበቆ ነበረች። ልጆቹ ሳቁ። «እንቁላል አምጪ» አላት። በማግስቱ እንቁላል ይዛ መጣች፤ የነበራቸው አንዲት ዶሮ ናት። ካሴ እንቁላሉን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው።

«ዶሮሽም እንዳንቺ ስስታም ናት። ይሄንን የሚያህል እንቁላል ለማን ይደርሳል? ስንገፋ ውኃ ይጠማናል፤ ገንቦ ብታመጪ ይሻላል።»

እሷ ምን ያህል እንደምትፈልግ አይቷል። ባየ ቁጥር ይጨምራል። እኔ «በቃሽ፣ ይቅርብሽ» አልኋት። እሷ ግን «ተይ፣ አመጣለሁ» አለችኝ።

እናቷን እንዴት እንደለመነቻት አላውቅም። ለወረታ ገበያ የተዘጋጀ፣ ገና ውኃ ያልነካው ገንቦ አቅፋ መጣች። ካሴ ተቀበለ፤ አስቀድቶ ጠጣ፤ ጓደኞቹም ጠጡ። አፉን በክንዱ ጠረገና፣

«በይ አሁን ወደ ቤትሽ» አላት። «ቡዳ የወጣበት ምራን እርሻ ላይ ይበጠሳል። አባቶቻችን ይቆጡናል።»

«ገንቦዬስ?»

«ይሄን ለነገርንሽ ነዋ!»

እንዴት እንደሳቁ ዛሬም ይሰማኛል። ይታይሽ አላለቀሰችም። እጇን ምን ላይ እንደምታደርገው የጠፋት መሰለኝ፤ ገንቦውን እንዳቀፈች ያህል ክንዷን አጥፋ ቆማ ቀረች።

አባቴ ተገኘ ይባላል፤ የእሱ ምራን ከሁሉም አዲስና ወፍራም ስለነበረ ከቅርንጫፉ ጋር የታሰረው እሱ ነው። ሌሎቹ በሙሉ ከእሱ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

«አያ ካሴ፣ ወይ ይታይሽ ትውጣ፣ ወይ የአባቴን ምራን ስጠኝ» አልሁት።

«ሰኞ ትወስጂዋለሽ።»

«አሁን!»

«አንቺ የተገኘ ልጅ፣ ዝንጀሮ ከሆንሽ ወጥተሽ ፍቺዋ!»

ሴት ልጅ ዛፍ ትወጣለች ብሎ አላሰበም። ቀሚሴን በመቀነቴ ወደ ላይ ሸብ አድርጌ ወጣሁ። ከታች «ውረጅ! ኧረ ውረጅ!» ይላሉ። ቋጠሮው በክብደት ጠብቆ ስለነበር በጥርሴ ፈታሁት። የቆዳው ጨው ምላሴ ላይ ቀረ። ዥዋዥዌው እንደ ሞተ እባብ ተጠቅልሎ ወደቀ። ምራኑን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የካሴ አባትና ሌሎችም አባቶች ደጃችን መጡ።

«ተገኘ፣ ልጅህ የልጆቹን በዓል አፈረሰች» አሉት።

አባቴ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ጠራኝና ነገሩን ከመጀመሪያው እንድነግረው አዘዘኝ። ነገርሁት። ወደ ሰዎቹ ዞረና፣

«ለሳምንቱ የተሰጠ ምራን የሳምንቱ ነው። ሰጥቼ አልነሣም። ይመለሳል» አለ።

«ይሄ ነው ፍርድ?» ብዬ ጮህሁ። አባት ላይ አይጮህም፤ እኔ ጮህሁ።

«ዝም በይ። ገና አልጨረስሁም።»

ምራኑን ከአንገቴ ላይ አወጣና በሩን ወጥቶ ሄደ። ሰዎቹ ተከተሉት፤ እኔም ተከተልሁ። ማንም ቁጭ ብሎበት ወደማያውቀው ወደ እትዬ ብርቄ ደጃፍ ሄደና ባርኔጣውን አወለቀ።

«እትዬ ብርቄ፣ እንደምን ዋሉ?»

ሴትዮዋ ጭቃ በነካ እጇ ብድግ አለች። በዚያ መንደር «እርስዎ» ብሏት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከኋላዋ ሌላ ሰው ያለ መስሏት ዞራ አየች።

«ይሄ ምራን ከዛሬ ጀምሮ የቤትዎ ነው» አላት። «እስከ እሑድ ለልጆቹ ዥዋዥዌ ቢያውሱን ብለን መጣን።»

«እኛ በሬ የለን፤ ምን እናደርግበታለን?»

«ከእሑድ በኋላ የወደዱትን ያድርጉበት። ለአሁኑ ያውሱን።»

ወደ ካሴ አባት ዞረ። «እንግዲህ ምራን ያዋጣ ቤት ልጅ በነጻ ይወጣል። የእኔ ልጅ ምራን የላትም። ቆሎዋን ይዛ ትመጣለች።»

የካሴ አባት መሬት መሬቱን እያየ፣ «ሕጉ እንደዚያ ነው» አለ። በዓሉ አልፎ ሰኞ ዕለት አባቴ አሮጌ ጠፍር ቀጣጥሎ ሲያርስ፣ ሲበጠስበትና ሲቋጥር እንደዋለ አስታውሳለሁ። ስለ ነገሩ ግን ዳግመኛ አላነሣም።

በማግስቱ፣ በዳግማዊ ትንሣኤ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይታይሽ ምራኑን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ካሴ ራሱ ወጥቶ አሰረው። እሷ ቁርበቱ ላይ ተቀመጠች። ካሴ ቆሎዬን ከእጄ ወሰደና ከጓደኞቹ ጋር ባንባው ጥላ ሥር ተቀመጠ።

«ግፉ እንጂ» አልሁ።

«ሕጉ ትውጣ ይላል። ወጣች። ግፉ የሚል ግን አልሰማንም» አለና ቆሎውን ይቆረጥም ጀመር።

እኔ ገፋሁ። ከዚያ በፊት ሰው ገፍቼ አላውቅም፤ የጎረምሳ ሥራ ነው። መጀመሪያ ቀላል ነው፤ ከፍ እያለ ሲሄድ ግን ሲመለስ ደረትን ይመታል። መሬቱ ዋልካ ነው፤ በሚያዝያ ተሰነጣጥቆ እግር ይይዛል።

«ታየሽ?»

«ዛፉ ነው የሚታየኝ!»

«አሁንስ?»

«የቄሱ ቤት ክዳን!»

«አሁንስ?»

ሄዳ ስትመለስ «ግፊኝ እቴ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ። ልጆቹን ዞሬ አየኋቸው። ከእኔ ጋር አኩኩሉ የተጫወቱ፣ ጥጃ የጠበቁ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። የተነሣ ግን የለም። ደጋግሜ ገፋሁና መጨረሻ ላይ ከስንጥቁ ውስጥ እግሬ ገብቶ በግንባሬ ተደፋሁ።

ከላይ «አየሁት!» ስትል ሰማኋት።

«ምን ይመስላል?» አልሁ አፈሩን እየተፋሁ።

«እንዳልሽኝ ነው። የተሰጣ ነጠላ ይመስላል።»

ዥዋዥዌው ሲበርድ ወርዳ መዳፌን ገልብጣ አየችው። ተልጦ ነበር። እፍ አለችልኝ።

በዚያው ሳምንት ሄዱ። ምራኑ አህያቸው ላይ የሸክላውን ጭነት አስሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይታይሽን አላየኋትም። ትልቅ ሰው ሆኜ አንበሳሜ ገበያ በሄድሁ ቁጥር ገንቦ የሚሸጡበት እየቆምሁ ፊት አይ ነበር።

በዓመቱ ፋሲካ እኔም በተራዬ ወጣሁ። ሁለት ጎረምሶች ገፉኝ፤ ሐይቁ የታየኝ ከከፍታው ጫፍ ላይ ደርሼ ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። እኔ ብቻዬን ገፍቼ ይታይሽን ካደረስኋት ከፍታ ላይ ስደርስ ሆን ብዬ ወደዚያ ተመለከትሁ። የሚታየው የሚካኤል ደብር ዛፍ ነበር። ምናልባት ቀጭን ስለነበረች ከእኔ ይልቅ ከፍ ብላ ይሆናል። ምናልባት በዚያን ቀን አየሩ ጠርቶ ይሆናል።

የልጅ ልጆቼ ከመንኮራኩሩ ወርደው፣ በትኬቱ ጊዜ ማጠር እየተናደዱ መጡ። እኔ ዋጋ መኖሩን አልጠላም፤ ብረቱን የገዛ፣ የሚያዞረው፣ የሚጠብቀው ሁሉ እንጀራ ይፈልጋል። የሰው ፍላጎት በታየ ቁጥር የሚጨምር ዋጋ ግን አይዋጥልኝም። መንኮራኩሩ የማን ልጅ ነሽ ብሎ አይጠይቅም፤ ከካሴ በዚህ ይሻላል። ሆኖም በሩ ላይ ቆሞ አንዷን የሚያስገባ፣ አንዷን ዝም አሰኝቶ የሚመልስ ነገር አሁንም አለ፤ ስሙ ነው የተለወጠው።

ወደ ወረታ ስንመለስ ታሪኩን ለልጆቹ ነገርኋቸው። «አየችው ወይስ አላየችውም?» ብለው ያዙኝ። አላውቅም አልኋቸው፤ እውነቴን ነው። አይታው ከነበረ ደግ። ካላየችው ግን፣ ያን ሁሉ ከፍላ ባዶ እጇን ስትወርድ፣ እኔ መሬት ላይ ተደፍቼ ስታየኝ፣ ለእኔ ብላ «አየሁት» የሚለውን ቃል በከፈለችው ላይ ጨመረችበት ማለት ነው። ያንን የጠየቃት አልነበረም።